«አሳታሚ፤ ደራሲው»፦ በደራሲው የታተሙና በድርጅት የታተሙ መጻሕፍት ለቃላት ጥናት ያላቸው ዋጋ

1. የጥያቄው መነሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚደርስ ሰው፣ በከተማው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ውስጥ ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ጎን ለጎን ተደርድረው ያያል። የመጀመሪያዎቹ የታወቀ አሳታሚ ድርጅት ስም የተጻፈባቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። የሁለተኞቹ የውስጥ ገጽ «አሳታሚ፤ ደራሲው» ከሚል ቃል በቀር የሌላ አካል ስም አይታይበትም። የአካባቢ ታሪክ፣ የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ፣ ግጥምና አጭር ልቦለድ በብዛት የሚገኙት በነዚህ ውስጥ ነው። በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ስለ ሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች አሉ። አንደኛው፣ ድርጅት ያሳተመው ተመርምሮ ያለፈ ስለሆነ የታመነ ነው፤ ደራሲው ያሳተመው ግን ማንም ያላየው ስለሆነ አያስተማምንም ይላል። ሁለተኛው ይህንኑ ገልብጦ፣ የደራሲው መጽሐፍ ከማንም ተጽዕኖ ነጻ በመሆኑ እውነተኛው እርሱ ነው ይላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉን በሽፋኑ ይመዝናሉ። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በደራሲው ረቂቅና በማተሚያ ቤቱ መካከል የስንት ሰው እጅ ገባ? ያ እጅ ምን አቃና፣ ምንስ አጠፋ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር በተያያዙ ጥቂት ምሳሌዎች መመርመር ነው።

2. «አሳታሚ» የሚለው ቃል ምን ይላል?

ከቃሉ እንጀምር። «አተመ» የግእዙ «ኀተመ» ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቺውም በማኅተም ማተም ነው። ከዚህ ግስ «አታሚ»፣ ከአስደራጊው «አሳተመ» ደግሞ «አሳታሚ» ይወጣል። ስለሆነም «አሳታሚ» በሰዋስው ፍቺው «እንዲታተም የሚያደርግ» ማለት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ለዚህ ሙያ የሚነገሩት ቃላት ግን ሥራቸው ላቲን ሆኖ፣ አንዱ «ለሕዝብ ይፋ ማድረግ»፣ ሌላው «ማውጣት፣ መስጠት» የሚል ፍቺ አለው። የእኛ ቃል ስለ ሕዝብም ስለ ምርመራም የሚናገረው ነገር የለም። ገንዘቡን ከፍሎ ለማተሚያ ቤት የሰጠ ሁሉ በቃሉ ሙሉ መብት አሳታሚ ነው። «አሳታሚ፤ ደራሲው» የሚለው አገላለጽ በአማርኛ ምንም እንግዳነት ሳይሰማ የሚነገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው «አሳታሚ» ሳይሆን «አርታዒ» የተባለው ሰው መሆኑ ነው። «አርታዒ» ከግእዙ «ረትዐ» (ቀና፣ ተስተካከለ) የወጣ ነው። ቃሉ በዘመናዊው የኅትመት ሙያ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ቢሆንም ሥራው ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በብራና ዘመን ከጸሐፊው ቀጥሎ አራሚ ነበረ። ደራሲው ያሳተማቸውን መጻሕፍት የውስጥ ገጽ ስንመለከት የሽፋን ሠዓሊውና በኮምፒዩተር የጻፈው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የአርታዒ ስም ግን እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ የጎደለው አሳታሚ ሳይሆን ሁለተኛ አንባቢ ነው።

ስለ ስያሜም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። በቅርብ ጊዜ «ገለልተኛ አሳታሚ» የሚል አጠራር ይሰማል። ይህ ከባዕድ ቃል በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ «ገለልተኛ» ደግሞ በአማርኛ ከጠበኞች ለማንም የማያደላ ማለት እንጂ ራሱን የቻለ ማለት አይደለም። በራሱ ገንዘብ መጽሐፉን ያሳተመ ደራሲ ከማንም አልተጣላም፣ በማንም መካከል አልገባም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «በደራሲው የታተመ» እና «በድርጅት የታተመ» የሚሉትን ግልጽ አገላለጾች መርጠናል።

3. የከተማዋ ስም እንደ ምስክር

የከተማዋ የቀድሞ ስም ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። በጽሑፍ «አሰበ ተፈሪ» ተብሎም «አስበ ተፈሪ» ተብሎም ይገኛል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ቢመስልም ፍቺው የተራራቀ ነው። «አሰበ» ከተባለ ግስ ይሆናል፤ ተፈሪ አሰበ እንደ ማለት ነው። «አስበ» ከተባለ ግን «ዐስብ» (ዋጋ፣ ደመወዝ) ከሚለው የግእዝ ስም የመጣ ዘርፍ ያዥ ሆኖ «የተፈሪ ዋጋ» ይሆናል። አውሮፓውያን በጽሑፎቻቸው ቃሉን «አስባ» ብለው መመዝገባቸው ለሁለተኛው ንባብ ድጋፍ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአፍም በጽሑፍም የበረታው «አሰበ» ነው።

አሁን ሁለቱን ዓይነት መጻሕፍት እናነጻጽር። አርታዒ ያለው ድርጅት አንዱን ይመርጣል፤ በመጽሐፉ ሁሉ አንድ ያደርገዋል። ለአንባቢ ይህ ምቾት ነው። ነገር ግን የመረጠበትን ምክንያት አይነግረንም፤ ሌላው ንባብ በደራሲው ረቂቅ ውስጥ እንደ ነበረም ምልክት አይተውም። በደራሲው የታተመው መጽሐፍ ደግሞ በአንዱ ገጽ «አሰበ»፣ በሌላው «አስበ» ሊል ይችላል። ለአንባቢ ይህ ስሕተት ነው፤ ለቃላት ተመራማሪ ግን ሁለቱም አጠራሮች በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

በአዲሱ ስምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በቁቤ ሲጻፍ የስሙ መጀመሪያ የሆነው የላቲን ፊደል በኦሮምኛ «ጭ» ተብሎ ይነበባል። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ብቻ የሚያይ ተርጓሚ ግን «ቺሮ» ይላል። በአካባቢው ተወልዶ በራሱ ወጪ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ይህን አይሳሳትም፤ ርቆ የተቀመጠ አርታዒ ግን በእርማት ስም ሊያጠፋው ይችላል።

4. የተክለ ሐዋርያት ሁለት መጻሕፍት

ከጨርጨር ጋር የተያያዘ ትልቁ የአማርኛ ጸሐፊ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1910ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን አሰበ ተፈሪ ላይ ተቀምጠው ገዝተዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ከስደት ከተመለሱ በኋላም በሂርና እርሻቸው ኖረዋል። ከሥራዎቻቸው ሁለቱ ለጉዳያችን ይጠቅማሉ፤ አንዱ አሳታሚ ድርጅት የሚባል ነገር በአገሩ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ፣ ሌላው ካረፉ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ማተሚያ የወጣ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው በዘመናዊው የአማርኛ ቴአትር ታሪክ ቀዳሚ የሚባለው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተውኔቱ በሹማምንቱ ላይ የሰነዘረው ትችት ስላስቆጣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ለስያሜ ጥናት የሚያስገርመው ርእሱ ነው። «ተውኔት» የሚለው ቃል ለዚህ ጥበብ ገና ባልተለመደበት ጊዜ ደራሲው «ፋቡላ» እና «ኮሜዲያ» ብለው በድፍረት አስገቡ። «ኮሜዲያ» የሚለው መልክ እርሳቸው ከተማሩበት ከሩሲያ አገር አነጋገር ጋር ይስማማል፤ የእንግሊዝኛው መልክ «ኮሜዲ» ከመልመዱ በፊት የገባ የቃል ውሰት ታሪክ በአንድ ርእስ ላይ ተቀምጦልናል። በመካከል አራሚ ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ይህ መልክ ሳይነካ መድረሱ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው የሕይወት ታሪካቸው ነው። በሽፋኑ ላይ «ኦቶባዮግራፊ» ይላል፤ ከርሱም ጋር «የሕይወቴ ታሪክ» የሚል አለ። በታተመበት ዘመን ለዚህ የጽሑፍ ዘርፍ «ግለ ታሪክ» የሚለው ስያሜ በምሁራን ዘንድ ጸንቶ ነበር። አሳታሚው በዘመኑ ስያሜ ልተካው ቢል ሙያዊ ምክንያት ባላጣ ነበር፤ ነገር ግን አላደረገውም። ውጤቱም ባዕዱ ቃልና የአማርኛ ፍቺው ጎን ለጎን የቆሙበት ርእስ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በድርጅት መታተም የደራሲውን ቃል ማጥፋትን የግድ አያስከትልም ማለት ነው። ጥሩ አርታዒ ማቃናት የሚገባውንና መተው የሚገባውን ይለያል። ደራሲው በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከሁለት ዐሥርተ ዓመታት በላይ ቆይቶ መጽሐፉ ለአንባቢ መድረሱም የድርጅት ውለታ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በግለሰብ አቅም ብቻ ይወጣ ነበር ብሎ መናገር ያስቸግራል።

5. ከራሳችን ሙያ ምሳሌ

የመዝገበ ቃላት ሰዎች ስለ ግለሰብ ሥራ ንቀት ሊኖረን አይገባም፤ የቆምነው በግለሰቦች ትከሻ ላይ ነውና። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም፣ በኋላም በሐረርና በድሬዳዋ የደከሙበት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ነው። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሦስት ትውልድ የተቀባበለው ይህ ሥራ የተከናወነው የአማርኛ አካዳሚ ከመቋቋሙ በፊት ነው።

የግለሰብ ሥራ መልኩ በግልጽ ይታያል። ሁለቱም ሊቃውንት ቃላቱን የደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ይህ የጽኑ እምነት ውጤት ነው፤ የትኛውም ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ የሚያጸድቀው አልነበረም። ለዛሬ ተጠቃሚ ቃል መፈለግን ያዘገያል፤ ይሁን እንጂ ስለ ፊደል ታሪክ ያላቸውን አቋም ሳይለዝብ አቆይቶልናል።

በአንጻሩ «የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት» (1989 ዓ.ም.) እና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት» (1993 ዓ.ም.) የተቋም ሥራዎች ናቸው። በነርሱ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ አይሰማም፤ መሰማትም የለበትም። የስያሜ ሥራ ስምምነት ይፈልጋልና፤ ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ እያንዳንዱ ደራሲ የየራሱን ቃል ቢያወጣ ተማሪው ይጠፋል። ኪዳነ ወልድና ደስታ የሚሰጡንን የተቋም መጽሐፍ አይሰጠንም፤ የተቋሙን ወጥነትም ከነርሱ አንጠብቅም። አንዱን በሌላው ሚዛን መመዘን ሁለቱንም መበደል ነው።

6. ማኅተም ዋስትና አይደለም

የድርጅት ስም መጽሐፍን ከመጥፋት ያድነዋል የሚል ግምት አለ። የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይህን አያረጋግጥም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የታተመው በወቅቱ ትልቁ በነበረው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ሆኖም ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. የደረሱበት ጠፋ። የድርጅቱ ማኅተም ያንን መጽሐፍ አላዳነውም።

በሌላው ጫፍ በምሥራቅ ሐረርጌና በድሬዳዋ የኖሩትን የሼክ በክሪ ሳጳሎን ሥራ እናገኛለን። እኚህ የእስልምና ሊቅና ባለቅኔ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ለኦሮምኛ ልዩ ፊደል ቀረጹ። በዚያ ፊደል የተጻፉትን የሚያትም ድርጅትም ማተሚያ ቤትም አልነበረም፤ ጽሑፎቹ በእጅ እየተገለበጡ ከሰው ወደ ሰው ተላለፉ። ሼኩ በስደት ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሃይዋርድና መሐመድ ሐሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን ስለ ፊደሉ ጥናት ለንደን ውስጥ አሳተሙ። ያለ ምንም አሳታሚ የተገለበጡት ወረቀቶች ለምርምር በቁ ማለት ነው።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንደርስበት ነጥብ አንድ ነው። ጽሑፍን የሚያቆየው የአሳታሚው ዓይነት ሳይሆን፣ አንድ ቅጂ በአንድ ጠንቃቃ ሰው እጅ መቅረቱ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚታተሙት ትንንሽ መጻሕፍት ዛሬ የሚያሰጋቸው እገዳ ሳይሆን ቸልታ ነው። ጥቂት ቅጂ ይታተማል፤ ለዘመድና ለወዳጅ ይሸጣል፤ ወደ ወመዘክር የሚላክ ቅጂ ይረሳል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ደራሲው ራሱ አንድ ቅጂ ያጣል።

7. የ«ጉዛ» ነገር

ከዚህ በላይ የተባለው ለዚህ ጸሐፊ የሩቅ ጉዳይ እንዳልሆነ ለመናዘዝ አንድ ገጠመኝ ማቅረብ ይገባል። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ገና በወጣትነቱ፣ ለአንድ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ያርም ነበር። ከሂርና አንድ አረጋዊ መምህር ስለ አገራቸው የእርሻ ኑሮ የጻፉት ረቂቅ ደረሰው። በውስጡ «ጉዛ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል። በሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድ ጎረቤት ተጠርቶ በኅብረት የሚሠራበት፣ ጠሪውም ምግብና ጫት የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። ወጣቱ አራሚ ቃሉን በየገጹ እየሰረዘ «ደቦ» ብሎ ጻፈበት። መምህሩ እርማቱን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ደቦማ እናንተ ዘንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ጉዛ ነው» አሉት። እርሱም አንባቢ እንዲረዳው ነው ብሎ መለሰ። መምህሩ ሰው አክባሪ ስለነበሩ አልተከራከሩም። መጽሐፉ በ«ደቦ» ታተመ።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ሰው ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምሥራቁን የአማርኛ ቃላት በካርድ ሲሰበስብ ለ«ጉዛ» የታተመ ማስረጃ ፈለገ። ሊኖርበት የሚገባው መጽሐፍ ያ ነበር፤ ቃሉን ከውስጡ ያወጣው ደግሞ የራሱ እጅ ነው። መምህሩ ዐርፈዋል፤ ረቂቁን ቤተሰባቸው ዘንድ ቢያስፈልግ አልተገኘም። በመጨረሻ ቃሉን ያገኘው ከበዴሳ በመጣች፣ ደራሲው ባሳተማት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ነው። መጽሐፏ በፊደል ግድፈት የተሞላች ናት፤ ቃሉንም በሁለት ዓይነት ትጽፈዋለች፤ ፍቺ አትሰጥም። ነገር ግን አንድ ገበሬ ለጉዛ ሰው ሲጠራ፣ ሆጃ ሲያስፈላ፣ ማታ ላይ ገራባው ተጠርጎ ሲወጣ የሚያሳይ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለባት። ለካርዱ የሚያስፈልገው ይህ ነበር።

ፍርዱ ግን አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን፣ የዚያችን መጽሐፍ ጉድለትም መናገር ያስፈልጋል። ሆጃ ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል ከወተት ጋር የሚፈላ መጠጥ፣ ገራባም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው እንጨትና ቅጠል መሆኑን የማያውቅ የጎንደር ወይም የጎጃም አንባቢ አንቀጹን አይረዳውም። አንድ አርታዒ ቢኖር ኖሮ ቃላቱን ሳይነካ በመጨረሻው ገጽ አጭር የቃላት መፍቻ ባስጨመረ ነበር። በድርጅት የታተመው መጽሐፍ ቃሉን ሰርዞ ፍቺውን አስቀረ፤ በደራሲው የታተመው ቃሉን አኑሮ ፍቺውን ነፈገ። የሚፈለገው ሁለቱንም የያዘ ሦስተኛ መንገድ ነው።

8. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ በደራሲው የታተመ መጽሐፍ ስለ ቃል መኖርና ስለ አጠቃቀሙ የተሻለ ምስክር ነው፤ በድርጅት የታተመ መጽሐፍ ስለ አጻጻፍ ወጥነትና ስለ ስያሜ መጽናት የተሻለ ምስክር ነው። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የመዝገበ ቃላት ካርድ ሲሞላ የመጽሐፉ አሳታሚ ደራሲው ይሁን ድርጅት፣ አርታዒም ይኑረው አይኑረው ይመዝገብ። የፊደል አጻጻፉም እንዳለ ይገልበጥ፤ እርማት ካስፈለገ በሌላ መስመር ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ የሚወጡት መጻሕፍት በሥፍራው ይሰብሰቡ። ጭሮ ውስጥ የሚገኘው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። አንድ መደርደሪያ ለዚህ ቢመደብ ለአማርኛም ለኦሮምኛም ተመራማሪ ይጠቅማል፤ በነዚህ ከተሞች ሁለቱ ቋንቋዎች በየቀኑ ቃል ይዋዋሳሉና።

ሦስተኛ፣ ተርጓሚዎች የአካባቢን ቃል በመሐል አገር ቃል ከመተካታቸው በፊት ሁለቱ በእውነት አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። «ጉዛ» እና «ደቦ» ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም።

አራተኛ፣ በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ደራስያን ከማተሚያ ቤት በፊት ረቂቃቸውን ለአንድ ሁለተኛ አንባቢ ያሳዩ፤ በመጨረሻውም የቃላት መፍቻ ያክሉ። አንድ ተጨማሪ ገጽ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ቃል ግን ሌላ ሥፍራ ላይገኝ ይችላል።

ለ«ጉዛ» የተጻፈው ካርድ ዛሬ በሥፍራው ገብቷል። በምንጭነት የተመዘገበችው የበዴሳዋ መጽሐፍ ናት፤ ሊመዘገብ ይገባው የነበረው የሂርናው መምህር መጽሐፍ ግን አልተመዘገበም። ሌሎች አራሚዎች ከዚህ ስሕተት ይማሩ ዘንድ ነገሩ እዚህ ተጽፏል።